ድርጅታችን አክሲዮን ሊሸጥ ነው፤ እኛ መድረክ ላይ ያለነውስ?

የጣና ዳር ተወዛዋዥ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ቀርቦላችሁ ከሆነ እየጠጣችሁ አንብቡልኝ።

ባሕር ዳር ውስጥ የባህል መድረክና የቀልድ ሥራ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስገባ 11 ሰው ነበርን። የመሠረቱት አራት ጓደኛሞች ናቸው። መጀመሪያ ሠርግ ላይ እንሠራ ነበር። ቀጥሎ የባህል ምሽት ቤት ያዝን። ኋላ ዩቲዩብ ላይ አጫጭር ቀልድ መልቀቅ ጀመርንና ሰው አወቀን። አሁን 38 ደርሰናል። እኔ ተወዛዋዥ ነኝ። ለአዳዲሶቹ ውዝዋዜ የማወጣውም፣ የማሠለጥነውም እኔ ነኝ።

ባለፈው ሰኞ መሥራቾቹ ሰበሰቡን። ድርጅቱን ከኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ወደ አክሲዮን ማኅበር ለውጠን ለሕዝብ ልንሸጥ ነው አሉን። ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ የተከፈተው የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ውስጥ (አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት ማለት ነው) እንገባለን ተባለ። ስላይድ አሳዩን። ሥዕሉ ላይ ያለው መስመር ጮቄን የሚወጣ ነው የሚመስለው፤ መውረድ የሚባል ነገር አያውቅም። ስቱዲዮ ይኖረናል፣ የራሳችን አዳራሽ ይኖረናል፣ ጎንደርም አዲስ አበባም ቅርንጫፍ እንከፍታለን። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ።

ማታ ቤቴ ስገባ ነው ሐሳብ የያዘኝ። አንዱ የገንዘብ ነው። ያልተከፈለን የአምስት ወር የትርፍ ሰዓት አለ። «በብር ፋንታ አክሲዮን ውሰዱ፤ እናንተም መሥራች ትሆናላችሁ» እያሉን ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ መፈረም አለብን።

ሁለተኛውን እንዴት እንደምለው አላውቅም። መሥሪያ ቤታችን መሥሪያ ቤት አይመስልም። ትልቁን መሥራች «አያ» ነው የምንለው። ልምምድ ላይ ሲሳሳት እንስቅበታለን፤ እሱም ይስቃል። ባለፈው ዓመት አንዷ ልጅ ወልዳ ሰባት ወር ቀረች፤ ደመወዟ አልተነካም። ባለአክሲዮን ሲመጣ ይህ ነገር ይኖራል? በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ካለ ሳይሸፋፍን ይንገረኝ።

ፍኖተ ሰላም ልጅ

እንኳን ደስ አለሽ እንጂ ምን ያስጨንቅሻል እህቴ! እኔ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲሸጥ ጊዜ በቴሌብር ገዝቻለሁ። አንዱ 300 ብር ነበር፤ ትንሹ የሚገዛው 33 ነበር። 9,900 ብር። ያኔ የአንድ ሙክት ብር ማለት ነበር። ሙክቱን ብበላው ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር። ውሰጂ! ጉልበትሽ ሲደክም ይጦርሻል።

ሞንታርቦ (ደብረ ማርቆስ)

እህታለም፣ የፍኖተ ሰላሙ ወንድሜ የነገረሽ የቴሌን ነው። ቴሌ ጉንፋን ይዞት ጉሮሮው አይዘጋም። አኩርፎ አይቀርም። አግብቶ አሜሪካ አይሄድም። የእናንተ ድርጅት ንብረት እናንተው ናችሁ። ስለዚህ የቴሌን ሒሳብ ለጊዜው አስቀምጪው።

እኔ የድምፅ ሰው ነኝ። ዛሬ ማርቆስ ውስጥ ለሠርግና ለምርቃት ሞንታርቦ አከራያለሁ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ አንድ የመዝናኛ ድርጅት ውስጥ ሰባት ዓመት ሚክሰር ላይ ተቀምጫለሁ። ስሙ ይቅር፤ እንጀራ የበላሁበት ቤት ነው። ሦስቱ ዓመት አክሲዮን ከመሸጡ በፊት ነው፤ አራቱ ከተሸጠ በኋላ። ያኔ አገራችን ውስጥ ገበያ የሚባል ስላልነበረ አክሲዮን በባንክ መስኮትና በኮሚሽን ሠራተኛ ነበር የሚሸጠው። ዋጋው በየቀኑ አይወጣም አይወርድም። ቢሆንም የሕዝብ ገንዘብ ያው የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ስለ ሽሮው ልንገርሽ።

ዓርብ ዓርብ ከልምምድ በኋላ ሽሮ ነበረን። አንዲት የሰፈር እናት በትልቅ ድስት ይዘው ይመጣሉ። ሁለት ትሪ ይቀርባል። በአንዱ ዙሪያ ስምንት ዘጠኝ ሰው ይከባል፤ ዘፋኙ፣ ሹፌሩ፣ ዘበኛው፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር። አንድ ዓርብ ሹፌሩ የጎረሰውን ሳይውጥ «ያችን ዘፈን ለምን መጀመሪያ ማሲንቆው ብቻውን አይዝላትም? ከበሮው ቆይቶ ይግባ» አለ። ሁላችንም እጃችንን ሳንታጠብ ወደ ስቱዲዮ ተመለስን። እኔ ሚክሰሩን በክርኔ ነው የከፈትሁት። የዚያን ዓመት ሰው አፍ ውስጥ የገባችው ዘፈን እሷ ነበረች።

አክሲዮኑ ተሸጠ። ኦዲት መጣ። ኦዲተሩ ጨዋ ልጅ ነው፤ አልበድለውም። «የዓርቡ ወጪ ደረሰኙ የታለ?» አለ። ሴትዮዋ ደረሰኝ የላቸውም። ያላቸው ድስት ነው። ሒሳብ ክፍሉ ሁለት ወር ተጨነቀና ኩፖን መጣ። ካሽ ሬጅስተር ያለው ካፌ ሄደን በ35 ብር እንበላለን። እውነቱን ለመናገር ምግቡ ተሻሽሏል፤ ሥጋም ነበረበት። ግን ግማሹ ሰው በስድስት ሰዓት ይሄዳል፣ ግማሹ በሰባት። ሹፌሩ ኩፖኑን ለካፌው ልጅ በብር እየለወጠ ቤቱ ይወስዳል፤ ሦስት ልጆች አሉት። ከዚያ ወዲያ ስለ ዘፈን ያለውን አንድ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

«ሽሮው ይቅር» ብሎ የወሰነ ቦርድ የለም። ቃለ ጉባኤ ብታስፈልጊ አታገኝም።

ጉባኤውም አለ። የመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ድምፅ የሠራሁት እኔ ነኝ። ማይክ ይዤ ከወንበር ወንበር እዞራለሁ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እጃቸውን አወጡ። ኮታቸው ተተኩሷል። ሪፖርቱን ገልጠው «ገጽ 14 ላይ ለጭራ 2,400 ብር ይላል። የምን ጭራ ነው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። «የማሲንቆ ነው አባት» ተባሉ። «ማሲንቆ መሆኑን አላጣሁትም። እኔም ያገሩ ሰው ነኝ። ጭራ የሚነቀለው ከፈረስ ነው። ፈረሱ ደረሰኝ ይቆርጣል?» አሉ። አሁንማ ሰው ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። እሳቸው አልሳቁም። «እዚህ ያገባሁት የጡረታዬን ነው» ብለው ተቀመጡ። ማይኩን ስቀበላቸው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እስካሁን የሚከነክነኝ ይህ ነው። ሰውየው ልክ ናቸው። ማሲንቆ መቺያችንም ምንም አላጠፋም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭራ ከኪሱ ነው የሚገዛው። ኋላ ደግሞ ቶሎ ቶሎ መለወጡን ተወ። ድምፁ ሲሻክር እኔ በሚክሰር እሸፍነዋለሁ።

የጊዜውንም ልጨምር። የእኛ የሒሳብ ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። የሙዚቃ ሰው ግን አልበሙን የሚያወጣው ለፋሲካ ነው፣ አለዚያ ለእንቁጣጣሽ። አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ የታሰበ አልበም ነበረን። ቦርዱ «ገቢው በዚህ ዓመት መዝገብ ይግባ፤ ለጉባኤው የትርፍ ድርሻ የምናሳየው የለንም» አለ። ሰኔ 20 ቀን ወጣ። እስቲ አስቢው፤ ሰኔ ላይ ጎጃም ውስጥ ማን ዘፈን ይገዛል? ገበሬው እርሻ ላይ ነው። ተማሪው ፈተና ላይ ነው። ዝናቡን ደግሞ ታውቂዋለሽ። አልበሙ ሞተ። ሁለት ዓመት የተለፋበት ሥራ ነበር።

ዘፋኛችን የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ከአክሲዮኑ በፊት ሌላ ቦታ እጥፍ ብር ሰጥተውት እምቢ ማለቱን አውቃለሁ። ምን ያዘው? ይሉኝታ። «እንዴት አድርጌ የእነ እገሌን ፊት አያለሁ» ነበር የሚለው። ሪፖርቱ ታትሞ ሲወጣ ግን ከዓመቱ ገቢ ስንቱ በእሱ ሥራ እንደመጣ ሰንጠረዥ ላይ ሰፍሮ አየ። ለራሱም የተከፈለውን ያውቃል። ለሁለት ሺህ ባለአክሲዮን ይሉኝታ የሚይዘው ሰው የለም፤ ፊታቸውን የት አይቶት? መስከረም ላይ ውሉ አለቀና ሦስት ሙዚቀኛ ይዞ ወጣ።

ምክር ካልሽኝ፣ የትርፍ ሰዓትሽን በብር ተቀበይ። እሱ የሠራሽበት ነው፤ ዋጋው የታወቀ ነው። ብሩ እጅሽ ከገባ በኋላ አክሲዮን ካማረሽ እንደማንም ሰው ሂጂና ግዢ።

ደረሰኝ ይቆረጥ (ባሕር ዳር)

ሞንታርቦ፣ አተራረክህን ወድጄዋለሁ፤ በመደምደሚያህ ግን አልስማማም። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለዚህ የሽሮው ገዳይ ተብሎ የሚጠረጠረው የእኔ ዘር ነው።

ሽሮውን አክሲዮን አልገደለውም። ስንፍና ነው የገደለው። ደረሰኝ ከሌለው ሰው ሲገዛ የሚሞላ ቅጽ አለ፤ ሴትዮዋ ይፈርማሉ፣ ገንዘብ ያዡ ይፈርማል፣ አለቀ። ጭራውም እንደዚያው። «የመሣሪያ ጥገና» በሚል በጀት ተይዞ ቢሆን ኖሮ መምህሩ አይነሡም ነበር። አልበሙም በሰኔ መውጣት አልነበረበትም። ዋና ገቢያችሁ በፋሲካና በእንቁጣጣሽ እንደሆነ አክሲዮኑ ሲሸጥ ለገዢው ተነግሮት ነበር? አልተነገረውም እንበል፤ ታዲያ ሰኔ ላይ ገንዘቤ የት አለ ቢል ምን ይፈረድበታል?

ጠያቂዋ እህቴ፣ ሕጉን ባጭሩ ልንገርሽ። የግል ማኅበር ከ50 አባል በላይ ሊኖረው አይችልም፤ ለሕዝብም አክሲዮን አይሸጥም። ለዚያ ነው መጀመሪያ አክሲዮን ማኅበር መሆን ያለበት። ለሕዝብ ለመሸጥ ደግሞ በዐዋጅ 1248/2013 የተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፕሮስፔክተሱን መርምሮ መፍቀድ አለበት። ፕሮስፔክተስ ማለት ለአክሲዮን ገዢ የሚቀርበው ያ ወፍራሙ መግለጫ ነው። ሰው ሁሉ ሥዕሉን አይቶ ይዘጋዋል። አንቺ ስለ ስጋት የሚያወራውን ክፍል አንብቢ። «ገቢያችን በጥቂት ሰዎች ላይ የተንጠለጠለ ነው» የሚል ካላገኘሽ የጻፈው ሰው እየዋሸ ነው ወይም መድረካችሁን አይቶ አያውቅም። ገበያው ራሱ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ከዋናው ሌላ ለአነስተኛና ለመካከለኛ ድርጅቶች የታሰበ የዕድገት ገበያ የሚባል አለው። የእናንተዎቹ የሚያስቡት እሱን ይመስለኛል።

ከውጭም ላምጣ። የአሜሪካው የካርቱን ፊልም ድርጅት ዋልት ዲዝኒ አክሲዮኑን ለሕዝብ የሸጠው በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1940 ነው። በሜይ 1941 መጨረሻ ሠዓሊዎቹ በመቶዎች ሆነው ሥራ አቁመው በሩ ላይ ቆሙ። ሞንታርቦ ይህን ቢሰማ «አላልኋችሁም?» ሊል ነው። ቆይ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፓን ገበያ ዘግቶባቸው ነበር። አዲሱ የበርባንክ ስቱዲዮ ብዙ ገንዘብ በልቷል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ደመወዛቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቅ ነበር። የሠራተኛ ማኅበር ያደራጀውን ሠዓሊ አርት ባቢትን ሲያባርሩት በማግሥቱ ፈነዳ። ቁስሉ ከአክሲዮኑ በፊት የነበረ ነው።

ሌላውን የአሜሪካ የካርቱን ፊልም ድርጅት ፒክሳርን ደግሞ እዩ። ኖቬምበር 29 ቀን 1995 ገበያ ገባ፤ ለገዢ የቀረበው በ22 ዶላር ነበር፤ በ39 ዶላር ዋለ። የመጀመሪያው ረጅም ፊልማቸው ከወጣ ሳምንት ነበር የሆነው። ሁለተኛው ፊልም የወጣው በ1998 ነው። ሦስት ዓመት! ባለአክሲዮኑ ጠበቀ። አንድ ፊልም ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስቀድሞ ያውቅ ነበርና። በ2006 ዲዝኒ በ7.4 ቢሊዮን ዶላር ገዛቸው።

ሞንታርቦ (ደብረ ማርቆስ)

ደረሰኝ፣ ቅጹን ያኔ ብትነግረን ኖሮ ሴትዮዋን ይዘን እንቀር ነበር። ይህን እቀበላለሁ።

ስለ ፒክሳር ግን ግማሹን ነው ያወራኸው። ያ 39 ዶላር የሁሉም ሰው ኪስ አልገባም። ዋናው ባለቤት ስቲቭ ጆብስ ነበር፤ 80 በመቶ ያህሉ የእሱ ነው፤ በአንድ ቀን ቢሊየነር ሆነ። ከሠራተኛው ትልልቁን ድርሻ ያገኙት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከመነሻው ጀምሮ የለፉ ሌሎች ትንሽ አገኙ፤ ቅሬታውም ከዚያ መጣ። እስከዚያ ቀን ሁሉም ድሃ ስለነበር ማንም ማንንም አልለካም። ዋጋ ሲወጣ ነው ሰው ጎረቤቱን የሚያየው።

ሌላም አለ። ድሪምወርክስ አኒሜሽን የሚባል የካርቱን ፊልም ድርጅት በፈረንጆቹ 2004 ገበያ ገባ። አንድ ሁለት ፊልም ሲያንሸራትተው ባለአክሲዮኑ ጮኸ። በጃንዋሪ 2015 ላይ 500 ሰው ቀነሰ፤ በዓመት ሦስት ፊልም የነበረውን ሁለት አደረገው። በ2016 ኮምካስት የሚባል ትልቅ የአሜሪካ ድርጅት ገዛውና ገበያ ላይ መቆሙ አበቃ። እነዚያ 500 ሰዎች መጥፎ ፊልም ሠርተው ነው? አንዳንዱ የሚቀጥለውን ፊልም እየሠራ ነበር እኮ።

እንጅባራ07

እኔ ተማሪ ነኝ፤ ስለ አክሲዮን ብዙም አላውቅ። ስለ ኮሪያዎቹ ዘፋኞች ስለ ቢቲኤስ ግን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ዶርም ውስጥ ይሳቅብኛል፤ ይሁን። እዚህ ጉዳይ ውስጥ እነሱ ሳይነሡ ሊያልቅ ነው ብዬ ነው የገባሁት።

የእነሱ ድርጅት ያኔ ቢግ ሂት ነበር የሚባለው፤ አሁን ሃይብ ነው። ኦክቶበር 15 ቀን 2020 ኮሪያ ገበያ ገባ። አንዱ አክሲዮን 135,000 ዎን። ከዚያ በፊት መሥራቹ ባንግ ሺ ሂዩክ ለሰባቱም ልጆች ከራሱ ድርሻ ሰጣቸው፤ ለእያንዳንዳቸው 68,385 አክሲዮን። እኩል ነው! ታላቅና ታናሽ፣ ዋና ዘፋኝና ሌላ አልተባለም። ሞንታርቦ ጋሼ ዘፋኛችን ሄደ ላሉት፣ እዚያ ቤት መጀመሪያ የተደረገው ይህ ነው።

ግን ሌላም ነገር አለ። ጁን 2022 ላይ ልጆቹ በየዓመቱ እንደሚያደርጉት እራት ላይ ተቀምጠው ቪዲዮ ለቀቁ። እየበሉ፣ እየጠጡ፣ ደክሞናል፣ ማን እንደሆንን ጠፋብን፣ ለየብቻ ትንሽ እንሥራ አሉ። አንዱ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ። በማግሥቱ የድርጅቱ አክሲዮን ወደ 25 በመቶ ወረደ። በአንድ ቀን! ድርጅቱም ወዲያው ወጥቶ «አልተበተኑም፣ በቡድንም በግልም ይሠራሉ» ማለት ነበረበት።

የሞንታርቦ ጋሼን ሽሮ ሳነብ ያ እራት ነው የታወሰኝ። ትሪ ዙሪያ ተቀምጠህ ደክሞኛል ስትል ጓደኛህ «አይዞህ» ይልሃል። እነሱ ደክሞናል ሲሉ ግን ገዢው ሸጠ።

ሞንታርቦ (ደብረ ማርቆስ)

እንጅባራ07፣ ማንም አይሳቅብሽ። እዚህ ከተጻፈው ሁሉ የአንቺው ነው ልቤን የነካው።

የጣና ዳር ተወዛዋዥ (ባሕር ዳር)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከአሥር ቀን በኋላ ነው የተመለስሁት፤ ብዙ ነገር ሆኗል።

መጀመሪያ የትርፍ ሰዓቱን። ሰባታችን ሆነን «በብር እንፈልጋለን» ብለን ጻፍን። አያ ፊቱ ጠቆረ። «አላመናችሁኝም ማለት ነው?» አለኝ ለብቻዬ። ይህ ጥያቄ ከብሩ በላይ ከበደኝ። ምን ልበለው? «አንተን አምኜ ነው ዘጠኝ ዓመት የቆየሁት። የሚመጡትን ግን አላውቃቸውም» አልሁት። ዝም አለ። በሁለት ጊዜ እንከፍላለን አሉ፤ የመጀመሪያው ትናንት ገባ።

ከዚያ ደረሰኝ ይቆረጥ እንዳልኸኝ ወረቀቱን ጠየቅሁ። ፕሮስፔክተሱ ገና ነው። የመመሥረቻ ጽሑፉን ረቂቅና የንብረቱን ዝርዝር ሰጡኝ። በዓይነት የሚዋጣ ንብረት ይላል፤ በብር ፋንታ በዕቃ የሚገባው ማለት ነው። አንድ በአንድ አነበብሁት። ሚኒባሱ አለ። ሁለት ኪቦርድ አለ። ካሜራው አለ። የዩቲዩቡ ቻናል አለ፤ ከሁሉ ትልቁ ግምት የእሱ ነው። የባህል ልብስ 64 ይላል። ነጠላው ሳይቀር ተቆጥሯል። የእኔ ቀሚስ ብብቱ ሥር የተቀደደ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሰፍቸዋለሁ፤ እሱም ከነግምቱ አለ።

ውዝዋዜዎቹ የሉም። ቻናሉ ላይ ብዙ ሰው ካያቸው ቪዲዮዎች ውስጥ አራቱ እኔ ያወጣኋቸው ናቸው። አንዱን የሠራሁት የአገው ፈረሰኞችን በዓል እንጅባራ ሄጄ ካየሁ በኋላ ነው፤ የፈረሱን አንገት አጣጣል በትከሻ ለማምጣት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ቀሚሱ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል፤ ቀሚሱ ውስጥ ያለነው አልገባንም። ይህ ልክ ነው?

ደረሰኝ ይቆረጥ (ባሕር ዳር)

ጥሩ ቦታ ላይ ደርሰሻል። ልክ ነው አይደለም ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የቅጥር ውልሽ ላይ ስለምታወጪው ውዝዋዜ የተጻፈ ነገር አለ?

የምጠይቅሽ ለዚህ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ 410/1996 ውዝዋዜን እንደ ድርሰት ይቆጥረዋል። ዘፈን ብቻ አይደለም የሚጠበቀው። ችግሩ፣ በቅጥር ላይ ሆነሽ የሠራሽው ከሆነ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር ባለመብቱ አሠሪው ነው። ስለዚህ ምንም ካልተጻፈ ነገሩ ወደ ድርጅቱ ያጋድላል፤ ድርጅቱ ሲሸጥም አብሮ ይሄዳል። አሁን ግን ገና አልተሸጠም። ውል ሊሻሻል የሚችልበት ጊዜ ይህ ነው። ባለአክሲዮን ከገባ በኋላ ለአንቺ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ከሌላ ሰው ላይ የሚወሰድ ይሆናል፤ ያ መምህር በገጽ 14 ይነሡብሻል።

የሕግ ሰው ጋር ሂጂ። እኔ እስከዚህ ድረስ ነኝ።

ሞንታርቦ (ደብረ ማርቆስ)

ሂጂ፤ ግን ብቻሽን አትሂጂ። ቀልዱን የሚጽፈውን ልጅ ይዘሽው ሂጂ። እሱም ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ሳላየው አውቃለሁ።

ደግሞ ሹፌር ካላችሁ አብሮ ይምጣ። ይህን ቀልድ አታድርጊው።

የጣና ዳር ተወዛዋዥ (ባሕር ዳር)

ሹፌራችን ከበሮም ይመታል፤ ስለዚህ ይመጣል።

ውሌ ላይ የሚለውን አየሁ። «ተወዛዋዥ» ይላል። አለቀ። ውዝዋዜ ማውጣትም ማሠልጠንም የለበትም።

ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ አያ ቢሮ ገባሁ። ቀሚሱን አሳየሁት፣ ተራ ቁጥር 31። ከዚያ ውዝዋዜዎቹ የትኛው ተራ ቁጥር ላይ ናቸው አልሁት። መነጽሩን አወለቀ። ረጅም ጊዜ ሳይናገር ቆየ። ተቆጥቷል ብዬ ነበር። ኋላ እስክሪብቶ አነሣና ከታች ባዶው ቦታ ላይ በእጁ «ውዝዋዜ፣ 4» ብሎ ጻፈ። ከጎኑ የግምት ሳጥን አለ። ቀና ብሎ «ስንት ልበል?» አለኝ።

አላውቅም። ነገ እነግርሃለሁ ብዬ ወጣሁ። እናንተ ስንት ትላላችሁ?